ጋሽ ጉጠትና የሶፋው ጥንቸሎች

ሰውዬው ሶፋ ሰሪ ነው። ሰፈርተኛው «ጋሽ ጉጠት» ይለዋል። ስሙ ምስማር ከሚነቅልበት መሣሪያ የመጣ ይመስላል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከዚህ ሰው አፍ አንድ ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል ለማለት ነው። ደንበኛ መጥቶ «ይሄ ወንበር ይድናል ወይስ አይድንም?» ብሎ ሲጠይቀው ወንበሩን አገላብጦ ያያል፣ መቀመጫውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል፣ ከዚያ ወይ «እህ» ይላል ወይ ዝም ይላል። «እህ» ማለት ይድናል ነው። የቀረውን፣ ዋጋውንም ቀጠሮውንም የጨርቁን ምርጫም የምትጨርሰው ሚስቱ ናት።

ሚስቱን ደግሞ «እትዬ ጥጥ» ይሏታል። በወጣትነቷ ለመቀመጫ የሚሆን ጥጥ ስታባዝት ትውልና ብናኙ ፀጉሯ ላይ እንደተሰካ ገበያ ትወጣ ስለነበር ነው። ጥጡን ከተወች ብዙ ዘመን ቢሆናትም ስሙ ሙጭጭ ብሎባት ቀረ። የተወችው ወዳ አልነበረም፤ ደረቷ ነው ያስተዋት። ሐኪም «ከብናኝ ራቂ» ሲላት ጥጡን ትታ በስፖንጅና በስፌት ተወሰነች። ቀጥሎ የምታሳድጋት ድመት ለሰው ተሰጠች። ቀጥሎ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት፣ ከመስኮቱ የባቡር ጣቢያው ጣሪያ ድረስ የሚታይበትን ያን የምትወደውን የፎቅ ቤት ለቀው ከወርክሾፑ ጀርባ ወዳሉት ሁለት ክፍሎች ወረዱ። ስፌት ላይ ተቀምጣ ማንጎራጎር ትወድ ነበር፤ መንገደኛ ቆም ብሎ የሚሰማው ድምፅ ነበራት። እሱም እያደር ቀረ። በዚህ ሁሉ አንድም ቀን ስታማርር አልተሰማችም። «ዛሬ ደግሞ ምን አማረው?» ትላለች ስለ ደረቷ፣ ስለ ሞልቃቃ ልጅ የምታወራ ይመስል። ከዚያ ስቃ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ልጅ አልወለዱም። በጊዜው ሁለቱንም አንገብግቧቸው ነበር፤ ኋላ ግን ዝምታውን ተካፍለው መኖር ለመዱ።

ባልየው ያን ሳቅ አይወደውም። አንድ ነገር በሄደባት ቁጥር ሳቁ እያጠረ ሲመጣ ያያላ! ማየት እንጂ መናገር ግን አልተፈጠረበትም።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ለምን መሰላችሁ? ጋሽ ጉጠት በዕድሜው ዋሽቶ የማያውቅ ሰው መሆኑን ላስረዳ ነው። ጻድቅ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ውሸት ወሬ ይፈልጋል፤ ወሬ ደግሞ እሱ ዘንድ የለም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በስተርጅና፣ ያውም የገዛ ሚስቱን፣ ምን ቆርጦት ዋሸ ቢባል በጥንቸል የተነሣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። አንድ ደንበኛ አሮጌ ቤት ገዛና በረንዳው ላይ ተጥሎ ያገኘውን ሶፋ በጭነት መኪና ላከላቸው። ጨርቁን ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀው በልተውታል፤ እንጨቱ ግን ምንም አልሆነም። ጋሽ ጉጠት ዙሪያውን ካየው በኋላ «እህ» አለና ከሥሩ ለመጀመር ገለበጠው። ይኼኔ ከሶፋው ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ዱብ ዱብ አለ።

«አይጥ» አለ።

ከባሏ አፍ ሳይጠየቅ ቃል ሲወጣ የሰማችው እትዬ ጥጥ የስፌት መኪናዋን አቁማ እየተጣደፈች መጣች። ከሥር የተወጠረው ሸራ አንደኛው ጥግ ላይ ተቀድዷል። ቀዳዳውን በመቀስ አሰፋው። በሞላዎቹ መካከል አንዲት አመድማ ጥንቸል፣ አንድ ጆሮዋ ታጥፎ የቀረ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ታያቸዋለች። አጠገቧ ያለው ስፖንጅ ተቦርቡሮ ጎድጓዳ ሆኗል፤ ጎድጓዳው በፀጉር ተሞልቷል፤ ፀጉሩ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ጋሽ ጉጠት በጣቱ ጫፍ ገለጥ ሲያደርገው ዓይናቸውን ያልገለጡ አምስት ልጆች ተደራርበው ተኝተዋል።

«ውይ በሞትኩት!» አለች እትዬ ጥጥ። «በዚያ ኮረኮንች መንገድ እየተንገጫገጨች መጥታ? መዝለል አቅቷት እኮ አይደለም፤ ልጆቼን ትቼ አልወርድም ብላ ነው!»

ሶፋውን ያመጣው ሾፌር እንደነገራቸው የቀድሞዎቹ ተከራዮች ጥንቸል ያረቡ ነበር። ቤቱን ሲለቁ ጥንቸሎቹን ግቢው ውስጥ በትነው ሄዱ፤ የቀሩትን የሰፈር ውሻ ጨርሷቸዋል። እትዬ ጥጥ ለሶፋው ባለቤት ስልክ ደወለች።

«ጥንቸል?» አለ ደንበኛው። «እኔ የላክሁት ሶፋ ነው። ጣሉዋቸው።»

ስልኩን ዘጋችና «ይሄ ደግሞ ሰው ነኝ ይላል» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ መጣል ያነሣ የለም።

ጋሽ ጉጠት ግን ጎጆውን ነበር የሚያየው። እናቲቱ ከገዛ ሆዷ የነጨችውን ፀጉር ከሶፋው ክርና ከስፖንጅ ፍርፋሪ ጋር አዋህዳ፣ ላላ ያለ ግን የማይፈርስ ነገር ሠርታለች።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ። ስለ ሌላ ባለሙያ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ታዲያ ጥሩ ሥራ መሆኑን ካወቀ አርፎ አይተወውም? አልተወውም። ሶፋ ሰሪ የሌላ ሰው ሙሌት አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ እጁን ይበላዋል። ሚስቲቱ ደግሞ ከእሱ ትብሳለች። ያን ዕለት የደንበኛ ሥራ ሁሉ ቁጭ ብሎ፣ እትዬ ጥጥ ከምርጡ ስፖንጅ ቆረጠች፣ በሰማያዊ ቬልቬት ለበጠችው፣ ዙሪያውን ከፍ አደረገች፣ መሐሉን በትንንሽ ቁልፎች ወጥራ አንድ የአሻንጉሊት አልጋ የመሰለ ፍራሽ አወጣች። ጋሽ ጉጠት የሚገባበትን ሳጥን ሠርቶ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ያን የተነጨ ፀጉር «ቁንጫም አያጣው» ብለው ጠራርገው የቆሻሻ ጆንያ ውስጥ ከተቱት። ልጆቹን ከቬልቬቱ ላይ ደረደሩና ወገባቸውን ይዘው ቆመው ሥራቸውን አደነቁ። እንዲህ ያለ አልጋ ሆቴል እንኳ አይገኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ልጆቹ ቬልቬቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ተበታትነው፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘው አገኟቸው። አንደኛው ሞቷል። እናቲቱ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ ወደዚያ አልጋ ዝር አላለችም።

ሁለት መንገድ አቋርጦ ውሻና ድመት የምታክም ወጣት ሐኪም አለች። ሳጥኑን ተሸክመው እየተጣደፉ ሄዱ። ሐኪሟ አልጋውን አየችና ከንፈሯን ነከስ አደረገች።

«እትዬ፣ ይሄን የሠሩት እርስዎ ነዎት? ሲያምር! ግን ለሰው ነው የሚሆነው። የራሷ ፀጉር የት ሄደ?»

«ጣልነው» አለች እትዬ ጥጥ።

«ጥንቸል ልጆቿን ታቅፋ አትተኛም። የምታጠባቸውም ንጋት አካባቢ ብቅ ብላ ለጥቂት ጊዜ ነው። የቀረውን ቀን የሚያሞቃቸው ያ ፀጉር ነው፤ ሽታውንም የምታውቀው እሱን ነው። አሁን እኔ በሙቅ ውሃ ላስቲክ አሞቃቸዋለሁ። እናንተ ፀጉሩን ማግኘት ከቻላችሁ...»

ጋሽ ጉጠት እስክትጨርስ አልጠበቀም። ወርክሾፕ ገብቶ ጆንያውን ዘረገፈው። መሬት ላይ ተንበርክኮ ከክርና ከማስቲሽ ቅርፊት፣ ከዛገ ምስማርና ከጨርቅ ቁራጭ መካከል ያን ፀጉር ቅንጥብ ቅንጥብ እያደረገ ለቀመ። ለቅሞ ሲጨርስ ጉልበቱ አልዘረጋ ብሎት በወንበር ተደግፎ ነው የተነሣ። የተቦረቦረውንም ስፖንጅ ከሶፋው ላይ ቆርጦ እንዳለ አመጣው፤ የሶፋው ባለቤት እንኳን ይቅርና ንጉሥም ቢሆን አይከለክለውም ነበር። ልጆቹ ሞቀው ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። በነጋታው ሆዳቸው ተነርቶ፣ ጠግበው ተኝተው ተገኙ።

የሞተውን እትዬ ጥጥ በዚያው ቬልቬት ጠቅልላ ከጓሮ ቀበረችው። ደረቷ ያን ሁሉ ነገር ሲወስድባት ያላለቀሰች ሴት የዚያን ዕለት ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ቀሪዎቹ አራቱ አደጉ። አስተዳደጋቸው እንኳ መላ የለውም፤ ዛሬ ዓይናቸውን ገለጡ ሲባል ነገ ጠረጴዛ ሥር ይጋልባሉ። ወርክሾፑን ተቆጣጠሩት ብል ይቀላል። የወንበር እግር ይፍቃሉ፣ የልኬት ሜትር ይቆርጣሉ፣ እትዬ ጥጥ ከደንበኛ ጋር ስትደራደር ከጨርቅ ጥቅል ውስጥ ጆሮ ብቅ ይላል። አንዲት ሴትዮ የመመገቢያ ወንበሮቿን ልታይ መጥታ አንዱ ጥንቸል ጫማዋ ላይ ሲተኛባት እግሯን ሳታንቀሳቅስ ቆማ ቀረች፤ ዋጋም ሳትከራከር ሄደች። ጋሽ ጉጠት ከእንጨትና ከሽቦ ወንፊት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠራላቸው፣ ድርቆሽ አመጣላቸው። እናቲቱ ሥራ ላይ እያለ ጫማው አጠገብ ጋደም ትላለች። እሱ አይናገር፣ እሷ አትናገር፤ ተስማምተው ይውላሉ።

እትዬ ጥጥማ ሌላ ሰው ሆነች። በጠዋት ትነሣለች፣ ካሮትና ጎመን ትከትፋለች፣ አንዱን ትቆጣለች፣ ሌላውን ታባብላለች። አንድ ቀን ጋሽ ጉጠት የሶፋ ጀርባ ሲወጥር ከስፌት መኪናው በኩል የሆነ ድምፅ ሰማ። መዶሻውን አስቀመጠ። ሚስቱ ታንጎራጉራለች! ያን ድምፅ ከሰማው ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። እንዳታቋርጠው ብሎ ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ። ዜማው መሐል ላይ ግን ሳል ቆረጠው። ሳሉም እንደ ወትሮው በአንድ ሁለት አልቆመም። ቆይቶ ሲያያት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞራለች፤ እያያት እንደሆነ ሲገባት ጨርቅ የምትመርጥ መሰለች።

ከዚያ ወዲህ ሳሉ በዛ። ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቷን ከእሱ ተደብቃ ስትስብ ደጋግሞ አያት። በመጨረሻ እጇን ይዞ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። እሷ ገባች፣ እሱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የክፍሉ በር ደህና አልተገጠመም ነበር።

«ቤት ውስጥ ፀጉር ያለው እንስሳ አለ?» አለ ሐኪሙ።

«የለም» አለች እትዬ ጥጥ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«እርግጠኛ ነዎት? ካለ ዛሬውኑ ነው መውጣት ያለበት። ይሄ ደረት ሌላ አንድ ክረምት የሚችል አይመስለኝም። በቀልድ የሚታይ አይደለም።»

ስትወጣ ጋሽ ጉጠት «ምን አለሽ?» አላት።

«አየሩ ነው አለኝ። ሲለወጥ ይተውሻል አለኝ።»

ቤት እስኪደርሱ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ ይሄ እንኳ አዲስ ነገር አይደለም። ውስጡ ግን ሲብሰለሰል ነበር። ሰምቻለሁ ቢላት ምን እንደምትል ያውቃል። «ዛሬ ደግሞ ምን አማረው?» ትልና ትስቃለች። ሳጥኑን ታነሣለች፣ ጥንቸሎቹን ትሰጣለች፣ እንጉርጉሮውም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሳቋስ ምን ያህል ይተርፋታል? ዝም ቢል ደግሞ ሚስቱን ሊያጣት ነው። እሷን ማጣት ማለት ለእሱ ድምፁንም ማጣት ነው፤ ከዓለም ጋር የሚነጋገረው በእሷ አፍ ነው። እንዲህ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና በዕድሜው የመጀመሪያውን ውሸት አሰበ። የሚታመመው እሱ ይሆናል።

ማሰቡ ቀላል ነበር፤ ማስነጠሱ ግን እምቢ አለው። መጀመሪያ ከመጋዙ ሥር ሰጋቱራ ቆንጥሮ አፍንጫው ውስጥ ነሰነሰ። ምንም! ዕድሜ ልኩን ሰጋቱራ ሲምግ የኖረ አፍንጫ ምን ገዶት? የቫርኒሽ ቆርቆሮ አሸተተ፤ እንዲያውም ደስ አለው። በመጨረሻ ከሚስቱ ማዕድ ቤት ቁንዶ በርበሬ ሰርቆ፣ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ተደብቆ ቆነጠረ። እሱስ ሠራ! ግድግዳው እስኪነቃነቅ አስነጠሰ።

«ይማርህ!» አለች እትዬ ጥጥ ከወዲያ።

«ያኑርሽ።»

እንደገና አስነጠሰ። እንደገና «ይማርህ» አለች። ዓይኑ ፍም መስሎ፣ እንባው እየወረደ ፊቷ መጥቶ ቆመ።

«ጥንቸሎቹ ናቸው» አለ።

«ምን ሆኑ?»

«ፀጉራቸው ነው። እኔን... አልተስማማኝም።»

እትዬ ጥጥ መቀሷን አስቀመጠች። «አንተን?»

«እኔን።»

ቁልቁል እስከ ጫማው፣ ሽቅብ እስከ ዓይኑ አየችው። እሱን ላብ አጠመቀው። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

«ቤት እንፈልግላቸው» አለና ወደ ሥራው ሸሸ። በአንድ ቀን ይህን ያህል ስላወራ ጉሮሮው ደረቀ።

እትዬ ጥጥ እሺ አለች፤ «ላንተ ሲባል» አለች። ቤቱን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ ስትል ጨመረች። እሱም በየቀኑ፣ በተለይ እሷ ስትሳል፣ ቀድሟት ያስነጥስ ጀመር። አንድ ጊዜ «ይሄን ቁንዶ በርበሬ ምን በላው?» ብላ ስትጠይቅ ከእንጨቱ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል መላጊያውን ገፋው።

ጥንቸል እንደሚሰጡ ሲሰማ ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣው የአንድ ምግብ ቤት ባለቤት ነው። እናቲቱን ከወገቧ አንሥቶ መዘን መዘን አደረጋት።

«ይቺ ጥሩ ሥጋ ይዛለች» አለ።

«እርስዎም ይዘዋል» አለችው እትዬ ጥጥና ጥንቸሏን ከእጁ ነጠቀችው። ሰውዬው በመጣበት እግሩ ተመለሰ።

ሐኪሟ ጥንቸል ለብቻው መኖር እንደማይወድ ነግራቸው ስለነበር ሁለት ሁለት አድርገው ነው የሰጡ። ሁለቱን ወንዶች ሐኪሟ ኮላሽታቸው አንዲት የሳይንስ መምህርት ለትምህርት ቤቷ ግቢ ወሰደቻቸው፤ እትዬ ጥጥ ግን ቅዳሜና እሑድ ማን እንደሚያበላቸው እስክታረጋግጥ ሳጥኑን አልለቀቀችም። ሁለቱን ሴቶች ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ከነሚስቱ መጥቶ ወሰዳቸው። ሾፌሩ «ልጆቻችን አግብተው ሄደው ቤቱ ጭር አለብን» አለ። እትዬ ጥጥ የጭር ማለትን ነገር ስለምታውቅ ብዙም አላስጨነቀችው። በሄዱ ቁጥር ወለሉን ትጠርጋለች፣ እንደ ጥጥ የተድበለበለ ፀጉር ታወጣለች፣ ትስላለች። እሱ ያስነጥሳል።

እናቲቱ ቀረች። እሷን እትዬ ጥጥ ልትሰጥ አልፈለገችም፤ ነገሩ ይኸው ነው። የመጣውን ሁሉ በሰበብ መለሰች። አንዱ ግቢው ጠባብ ነው፣ አንዱ ውሻ አለው፣ አንዷ ድምፅዋ ይጮኻል። አንድ ቀን ሐኪሟ የላከቻት ችግኝ ሻጭ መጣች፤ ረጋ ያለች፣ ጥፍሯ ሥር አፈር ያለ ሴት።

«እኔ ዘንድ አንድ ወንድ ጥንቸል አለ» አለች። «ተኮላሽቷል። ጓደኛው ሞታበት ምግብ እምቢ ብሏል። አጥሬ ድፍን ነው፣ ውሻ የለኝም፣ ቅጠል ሞልቷል። እባክዎ ይስጡኝና አብረው ይሁኑ።»

እትዬ ጥጥ እንከን ፈለገች። አላገኘችም። «እናስብበት» አለችና ሸኘቻት።

ሴትዮዋ ከወጣች ብዙም አልቆየ፤ ጋሽ ጉጠት የስፌት መኪናው በድንገት ሲቆም ሰማ። ዞር ሲል ሚስቱ በሁለት እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣለች። አፏ ተከፍቷል፣ አየር ግን አይገባም። ከንፈሯ ጠቁሯል። ዘሎ ያዛት፣ መድኃኒቱን አፏ ላይ ደቀነላት፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ጀርባዋን ደግፎ ይዞ፣ ደረቷ ሲከፈት እስኪሰማው ድረስ እሱም አልተነፈሰም። ቀስ በቀስ ፊቷ ተመለሰ። ጥንቸሏ እግራቸው ሥር ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች።

«የቫርኒሹ ሽታ ነው» አለች እትዬ ጥጥ፣ ድምፅዋ ገና ሳይጠና።

ቫርኒሽ ከተከፈተ ሰንብቷል።

ይኼኔ ጋሽ ጉጠት በዕድሜው ያልተናገረውን ያህል ተናገረ። «እኔ በቃኝ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ እንጨቱ ላይ ነው የምተኛው። ይሄ ፀጉር ሊገድለኝ ነው። ትንፋሽ እያጠረኝ፣ ተደብቄ መድኃኒት እየሳብኩ ልኖር ነው? አንድ ጠዋት ቀዝቅዤ ብታገኚኝስ? ከማን ጋር ልትቀሪ ነው? እኔ ፈርቻለሁ። ስነግርሽ ፈርቻለሁ!»

ከተናገረው አንድም ውሸት አልነበረበትም፤ የበሽታውን ባለቤት ብቻ ነው የለወጠው። ሲጨርስ ማስነጠስ እንኳ ረሳ።

እትዬ ጥጥ ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጥንቸሏን አንድ ጊዜ፣ ከአናቷ እስከ ጀርባዋ፣ ዳሰሰቻት።

«ቅርጫቱን አምጣ» አለችው።

በአውቶቡስ ሄዱ። ቅርጫቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የያዘው ጋሽ ጉጠት ነው፤ ጥንቸሏ በተነቃነቀች ቁጥር እንዳትፈራ ጎንበስ እያለ፣ አፍንጫውን ፀጉሯ ውስጥ እየቀበረ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላታል። እትዬ ጥጥ በመስኮት በኩል ተቀምጣ ነፋሱን ፊቷ ላይ ትቀበላለች።

ችግኝ ሻጯ በችግኝ መደቦቹ መካከል ቆማ ጠበቀቻቸው። ወንዱ ጥንቸል ቡናማና ጎልማሳ ነው፤ አጥንቱ ገጥጧል። ቅርጫቱ ሲከፈት ሁለቱ ተፋጠጡ። እናቲቱ በኋላ እግሯ መሬቱን ደበደበችና ሄዳ ጥግ ያዘች፤ እሱም ሌላ ጥግ ያዘ። ሴትዮዋ ቅጠል መሐላቸው ወረወረች። ሰዎቹ ቆመው ጠበቁ። ቆይቶ እናቲቱ ቀርባ አንድ ቅጠል ሳበች። እሱ ቀና አለ። ከዚያ እሱም መጥቶ ከሌላው ጫፍ ጀመረ። «ተመስገን፣ በላ!» አለች ችግኝ ሻጯ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። እትዬ ጥጥ እንባ አላወጣችም። ባዶውን ቅርጫት አነሣችና «ጎመን ግንዱን አትወድም፤ ቅጠሉን ብቻ» አለቻት።

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚያስወጣ ዳገት አለ። እሷ አየሩን እየሳበች ቀስ ብላ ወጣችው። ማቆሚያው ላይ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ጋሽ ጉጠት ክው ያለው። ያን ሁሉ መንገድ አፍንጫውን ጥንቸሏ ውስጥ ቀብሮ ሲመጣ አንዴ እንኳ አላስነጠሰም! ተጣድፎ አፍንጫውን ያዘና እንደ ምንም ብሎ አንዲት ደረቅ፣ ምንም የማትረባ ማስነጠስ አወጣ።

«ይማርህ» አለች እትዬ ጥጥ። ቅርጫቱን ጭኗ ላይ አስተካከለችና «በቃ፣ አሁን ተወው» አለችው።

ፊቱ ቀላ። «ታውቂ ነበር?»

«ትንፋሽ ነው ያጠረኝ እንጂ ዓይን መቼ አጠረኝ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ቅርጫቱ ላይ የቀረች አንዲት አመድማ ፀጉር አንሥታ በጣቷ ያዘቻት፣ ከዚያ ለነፋሱ ሰጠቻት።

«ይሄ ደረት ስንት ነገር ወሰደብኝ» አለች። «አንዱንም ግን ስጪኝ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ መንጠቅ ብቻ ነው ሥራው። አንተ ግን ጠየቅኸኝ። ጥንቸሏን ይሄ ደረት አልነጠቀኝም፤ ላንተ ነው የሰጠኋት። እንዲህ ሲሆን ማጣትም ይቻላል።»

አውቶቡሱ መጣ። ጋሽ ጉጠት ባዶውን ቅርጫት ከእጇ ተቀበላት። ክንዷን ይዞ አስነሣት፣ እሷም እንዲናገር አልጠበቀችውም።